የመቃብሩ ቅናሽ

ታላቁ የዓለም ጦርነት ባበቃበት ዓመት፣ በኅዳር ወር፣ ከጥይት የተረፈውን ሕዝብ የሳል ወረርሽኝ ይፈጀው ጀመር፤ ሱቆች በጠራራ ፀሐይ ተዘጉ፤ ጋሪዎች አስከሬን እየጫኑ ከከተማው ጀርባ ወደተቆፈረው ረጅም ጉድጓድ ይመላለሱ ነበር። ለብቻው መቃብር የሚሻ ቤተሰብ ለመቃብር ሹሙ ግብር ይከፍላል፤ ያልተከፈለለት ሙት ግን ከማያውቃቸው ጋር ተደራርቦ ኖራ ይነሰነስበታል።

በዚያ ዘመን ጎረቤት «አስቀናሽ» እያለ የሚጠራት አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች። ጨርቅ ሻጩም፣ ሐኪሙም፣ የቤት አከራዩም ሳይቀር ቀንሰውላታል። አትጨቃጨቅም፤ የሰውየውን ጤና ጠይቃ፣ ሥራውን አመስግና፣ «እስቲ አስተያየት ያድርጉልኝ» ትልና ዝም ትላለች። የቀነሰላት ሰው ጉድለቱን በምን እንደሚሞላው ግን አትጠይቅም፤ ይህን በሰው ኪስ እጅ እንደመስደድ ትቆጥረው ነበር።

ታናሽ ወንድሟ ከጦር ሜዳ በደህና ተመልሶ በሳምንቱ በሳሉ ተያዘ። ሲያጣጥር፣ «እታለም፣ ከክምር ውስጥ እንዳትጥይኝ፤ እዚያ ክምር ብዙ አይቻለሁ» አላት። ማለችለት።

እንደሞተ ሹሙ ፊት ቀረበች።

«ጌታዬ፣ ይህ ሳል እርስዎንስ እንዴት አድርጎዎታል?»

ሹሙ መሐረቡን ከአፉ አነሳ። «ሰው ሁሉ ሲጮህብኝ ይውላል፤ ጤናዬን የጠየቅሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ። ምን ልታስቀንሺ መጣሽ?»

«የመቃብሩን ግብር፣ ጌታዬ።»

«ሞት ቅናሽ አያውቅም እኮ!»

«ሞትን መች ለመንኩት? የምለምነው እርስዎን ነው።»

ሹሙ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ትንፋሹ ሲመለስ ግብሩን በሙሉ ማራት።

የቀረው የቆፋሪው ዋጋ ነበር። ቆፋሪው አካፋውን ተደግፎ ሰማት።

«እሜቴ፣ መሬቱ ድንጋይ ነው፤ እጄን ይዩልኝ።»

እጁን አየች፤ አዘነችለትም፤ ግን ዝም አለች።

«እሺ፣ በግማሽ ይሁን። እኔ መላ አላጣም።»

መላው ምን እንደሆነ አልጠየቀችም።

በዓመቱ የራስጌ ድንጋይ አስጭና ስትመጣ ያው ቆፋሪ ከለከላት።

«በዚያ በኩል አያቁሙት፣ እሜቴ። በዚያ በኩል ያለው የእርስዎ አይደለም።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«በግማሽ ዋጋ እንዴት ልቆፍር? ያን ዕለት እርስዎ እንደሄዱ፣ አፈሩን ሳልመልስ፣ አንድ ሰው በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ሬሳ ተሸክሞ መጣ፤ ሌላውን ግማሽ እሱ ከፈለኝ፤ አብሬ ቀበርኳቸው። ሰውየው ተመልሶ አልመጣም፤ እሱንም ሳሉ ሳይወስደው አልቀረም።»

«ሴት ናት? ወንድ ነው?»

«ያኔ ማን ገልጦ ያያል?»

ከዚያ ወዲህ ወንድሟን ባሰበችው ቁጥር ከጎኑ ፊቱን ያዞረ ሰው አብሮ ይታያት ጀመር። ጨርቅ በጠረጴዛዋ ላይ ስትዘረጋ ከሥሩ ሁለት ትከሻ ጎልቶ ይታያታል፤ በእጇ ስትዳብሰው አንዱ ይጠፋል፤ የትኛው እንደጠፋ ግን አታውቅም። «ማነህ? ማነሽ?» እያለች መጠየቅ ለመደች።

ቆፋሪው ሲጠጣ ወሬው ከአፉ አምልጦ በከተማው ተሰማ። አንድ ጧት ከመቃብሩ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመው አገኘቻቸው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እመቤቴ» አሉ። «ሚስቴን በጋሪ ሲወስዷት እኔ ራሴን ስቼ ነበር፤ የት እንደጣሏት የሚነግረኝ አጣሁ። ከወንድምዎ ጋር ያለችው እሷ ብትሆንስ? ካላስቸገርኩ፣ ትንሽ ልቁም።»

«የወንድሜ ብቻ ነው» ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ሽማግሌው ግን ዝም ብለው ጠበቁ።

«ይቁሙ፣ አባባ» አለች።

ከእሳቸው በኋላ ልጇን ያጣች እናት መጣች፤ ከእሷም በኋላ ሌሎች፤ ወንድሟን ከክምር አወጣሁ ስትል ክምሩ ቤተ ዘመዱን አስከትሎ መጣበት። አንዱንም አልመለሰችም።

የዘመኑን ታሪክ የጻፉት ሰዎች፣ በዚያ ወረርሽኝ ሹሙ ለችግረኞች የመቃብር ግብር ይቅር ማለቱን አመስግነው አልፈዋል፤ ስለ ልብስ ሰፊዋም ሆነ በብርድ ልብስ ስለተጠቀለለው ሙት ያሉት ነገር የለም። ድንጋዩ ላይ የተቀረጸው ስም አንድ ነው፤ ከፊት ለፊቱ ያለው መሬት ግን፣ የቆመበት እግር ስለበዛ፣ ለብዙ ዓመታት ሣር አላበቀለም።