በሬሳ መንገድ ላይ ያለው ቤት

ይህ የሆነ ነገር ነው። ዓይኔን ግንባር ያርገው!

ባታምኑኝ አልፈርድባችሁም... ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔም ስቄ አልፈው ነበር። እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ከተማ ውስጥ አውቶቡስ ስነዳ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ሰካራሙንም፣ ጩቤ የደበቀውንም ጎረምሳ ጆሮውን ይዤ አውርጃለሁ። በቀላሉ የምፈራ አይደለሁም።

አሁን ግን ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን እፈራለሁ።

ነገሩ የጀመረው በዚህ ጥር፣ ሎውቤክ በምትባል የተወለድኩባት መንደር ነው። አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ መጠጥ ቤት፣ ጥቂት የድንጋይ ቤቶች፣ ከሰው የሚበዛ በግ... ሌላ ምንም የላትም። በጥር ወር ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ትገባና ቀኑ ያልቃል።

አባቴ ኧርነስት ሳንባውን ታሞ ነበር። ደረጃ መውጣት ስላቃተው አልጋውን ታች ሳሎን ዘረጋሁለት። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶኝ ብርድ እንዳይነካው፣ አሁን አንዲት ብርድ እንደምትበቃው ነገረኝ።

እንደ እንቁላል ነበር የያዝኩት። እናቴ ካረፈች ወዲህ ያለኝ ሰው እሱ ብቻ ነው። ባል ሞክሬ ትቼዋለሁ፣ ልጅ አልወለድኩም።

ስሜ ጁን ነው። እሱ ግን ብቻችንን ስንሆን "ጫጩት" ይለኛል። ሰው ባለበት ጠርቶኝ አያውቅም፤ ይህን ስም ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ የለም። ጸጉሬ ሸብቶም ጫጩት ነኝ።

ስለ ቤቱ ደግሞ ማወቅ አለባችሁ...

ከመንደራችን በላይ፣ ተራራው ላይ፣ ስካርሳይድ የሚባሉ ጥቂት እርሻዎች አሉ። ድሮ እዚያ መቃብር ስላልነበረ ሰው ሲሞት ሬሳውን ተሸክመው ወደ እኛ ያወርዱት ነበር። የአባቴ ቤት የተሠራው በዚያ የሬሳ መንገድ ላይ ነው። የፊት በሩ ወደ ተራራው ያያል፣ የኋላ በሩ ወደ መቃብሩ። ሬሳው በፊት በር ገብቶ፣ ሳሎኑን አቋርጦ፣ በኋላ በር ይወጣ ነበር።

ዛሬ ሬሳ የሚሄደው በመኪና ነው። ልማዱ ግን አልቀረም። ከላይ ሰው ሞቶ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሲደወል እኛ ቤት ሁለቱም በሮች ይከፈታሉ፣ ደወሉ እስኪያበቃ ድረስ።

ልጅ ሳለሁ ሬሳው በመኪና ከሄደ በር መክፈቱ ለምን እንደሆነ አባቴን ጠይቄው ነበር። በግ ተራራውን እንደሚያውቅ ሙትም መንገዱን ያውቃል አለኝ። እኔ ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም።

ያን ሳምንት ዊልፍ ሞተ።

ዊልፍ የላይኛው እርሻ ባለቤትና የአባቴ ባላንጣ ነበር። ወጣት ሳሉ ሁለቱም እናቴን ወደዱ፣ እናቴ አባቴን መረጠች፣ ዊልፍም ሳያገባ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የበግ ገበያ ላይ ቢገናኙ እንኳ ጀርባ ይሰጣጡ ነበር። ዊልፍ ግራኝ ነበር። አጥር ሲጠግንም፣ በግ ሲሸልትም በጥርሱ መሃል ያፏጭ ነበር። ያችኑ አንዲት ዜማ... ሁልጊዜም ከመሃሏ ይቆርጣት ነበር።

አባቴ ሞቱን ሲሰማ ደስ አላለውም፣ አላዘነምም። በሮቹን እንዳልረሳ ብቻ አስጠነቀቀኝ።

በቀብሩ ቀን ደወሉ የጀመረው ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው።

ሁለቱንም በሮች ከፈትኩ። በረዶ የቀላቀለ ነፋስ ቤቱን ሰንጥቆት አለፈ። የኋላው በር ያለው ካልጋው ራስጌ ነው። አባቴ ማሳል ጀመረ... ሳሉ አልቆም አለ። ከንፈሩ ጠቆረ።

"አባዬ... ልዝጋው።"

"ደወሉ... አላበቃም።"

"ትሞትብኛለህ።"

ክንዴን ያዘኝ። ጣቶቹ ምንም ጉልበት አልነበራቸውም።

"አንዱን ብቻ እንዳትዘጊ... ጫጩት። አንዱን ብቻ እንዳትዘጊ።"

እኔ እኮ ሁለቱንም ልዘጋ ነው! መጀመሪያ ለእሱ የሚቀርበውን፣ የኋላውን፣ ዘግቼ መቀርቀሪያውን ወረወርኩ። ከዚያ ወደ ፊት በሩ ዞርኩ። በሁለቱ መሃል ያለችው አንዲት ሳሎን ናት።

በዚያች መሃል ሞስ ተነሳ።

ሞስ የአባቴ የበግ ውሻ ነው። ምንጣፉ ላይ ተኝቶ ነበር። ተነስቶ የፊት በሩን አፍጥጦ አየ። ከዚያ ዓይኑ መንቀሳቀስ ጀመረ... የሚያልፍ ሰው እንደሚከተል፣ ቀስ እያለ... ከደጃፉ ወደ ሳሎኑ... በእኔ ጎን... እስከ ኋላው በር።

በአጠገቤ እርጥብ የበግ ጠጉር ሸተተኝ።

የሞስ ዓይን የተዘጋው በር ላይ ቆየ...

ከዚያ ወደ አልጋው ዞረ።

ውሻው እንደ ሕፃን አለቀሰና ጭራውን ቆልፎ በፊት በር ወጥቶ ጠፋ። እኔም በሩን ዘጋሁት። ደወሉ ገና ይደወል ነበር።

ሳሉ ግን ቆሟል።

በማግስቱ አባቴ የአጃ ገንፎ ጠየቀኝ። በልቶ ድገሚኝ አለ። ሳምንቱ ሳያልቅ ከአልጋው ተነስቶ ሳሎን ውስጥ ወዲያ ወዲህ አለ። ሐኪሙ ደረቱን ደጋግሞ ካዳመጠ በኋላ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። ከደስታዬ ብዛት ሐኪሙን አቅፌ ሳምኩት። ሰውየው ደነገጠ።

ያን ዕለት ሻይ አፍልቼ ሰጠሁት። ስኳሩን ሳበና ጨመረ... ደግሞ ጨመረ... ደግሞ...

አባቴ ስኳር በራሽን በሚታደልበት ዘመን ያደገ ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሻይ ያለ ስኳር ነው የጠጣው።

በሽታ የሰው አፍ ይለውጣል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ከዚያ ግን ማንኪያውን አየሁ።

የሚያማስለው በግራ እጁ ነው።

ወደ ማድ ቤት ሄድኩና ሳህን ማጠብ ያዝኩ። እሱ ወንበሩን እየጎተተ የእናቴ ፎቶ ፊት ለፊት ሲያስቀምጠው ሰማሁ።

ቀጥሎ በጥርሱ መሃል ማፏጨት ጀመረ።

ያችኑ ዜማ... ከመሃሏ ቆረጣት።

አሥር ሰዓት ሲሆን የኋላው በር ተንኳኳ።

ሁለት ጊዜ... ትንሽ ቆይቶ አንድ። አባቴ ጭቃ የያዘ ጫማ አድርጎ ከበጎቹ ሲመለስ እንዲህ ነበር የሚያንኳኳው፣ እናቴ ምንጣፉ እንዳይበላሽባት በኋላ በር ግባ ስለምትለው።

ወደ በሩ ተራመድኩ።

"ተይው" አለኝ ከወንበሩ። "ነፋስ ነው፣ ጁን።"

ጁን ነው ያለኝ። ቤቱ ውስጥ ከሁለታችን በቀር ማንም አልነበረም።

በማድ ቤቱ መስኮት አንገቴን አስግጌ አየሁ። በሩ ላይ ማንም የለም። ሞስ ብቻ በረዶው ላይ ቁጭ ብሏል። ከወጣ ጀምሮ ቤት አልገባ ብሎኝ ምግቡን ደጅ ነበር የምሰጠው። አሁን ግን ጭራውን እየቆላ ወደ ላይ ያያል... የቆመ ሰው ፊት ወደሚሆንበት ከፍታ።



በማግስቱ ጎረቤታችን እትዬ አግነስ የዝንጅብል ኬክ ይዘው አባቴን ሊጠይቁ መጡ። ከመንደሩ ሰው በዕድሜ የሚበልጣቸው የለም። ገና ደጃፉ ላይ እንዳሉ ፉጨቱን ሰሙ። ኬኩን እዚያው ድንጋዩ ላይ አስቀመጡና ክንዴን ይዘው ወደ አጥሩ ጎተቱኝ።

"በር ዘግተሽ ነበር?" በሹክሹክታ ነው የሚያወሩት።

"ብርዱ ሊገድለው ነበር፣ እትዬ።"

"የትኛውን?"

"የኋላውን... ቀድሜ።"

እትዬ አግነስ ፊታቸውን በሻርፓቸው ሸፈኑ። ማንኳኳት እሰማ እንደሆነ ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው። ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ ብለው ተቆጡኝ።

"ብከፍተው ውስጥ ያለው ይወጣል?"

"እሱን እንጃ።"

"አባቴስ... ይገባል?"

"እንጃ ልጄ። እኔ የማውቀው መንገዱ ቁልቁለት መሆኑን ነው። ውጭ ያለ ሰው ብዙ አይቆምበትም... ይስበዋል። ሳይደክመው ክፈቺለት።"

ኬኩን እንኳ ሳያነሱ ሄዱ።

ያኔውኑ መክፈት ነበረብኝ። አውቃለሁ። ግን እስቲ በእኔ ቦታ ሁኑ... ወንበሩ ላይ የተቀመጠው የአባቴ ፊት ነው። ጉንጩ ቀልቷል፣ ትንፋሹ ሞቃት ነው፣ ልቡ ይመታል። በሩን ብከፍተውና ይህ ገላ ተዘርሮ ቢቀርስ? አባቴን በገዛ እጄ ብገድለውስ?

ስገባ ወንበሩ ከፎቶው ፊት ተነስቷል። የኋላው በር ላይ አስደግፎት ተቀምጧል።

"አሮጊቷ ምን አለችሽ?" አለኝ።

"ኬክ አመጡ።"

ፈገግ አለ። "ሐኪሙን ጠይቂው፣ ጁን። አባትሽ ድኗል። ሌላ ምን ፈለግሽ?"

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የጠላው ሰው ቤቱን፣ ወንበሩን፣ የሚስቱን ፎቶ ወርሶ ተቀምጧል። እኔም ሻይ አፈላለታለሁ... ስኳሩንም አቀርባለሁ።

በየቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን ይንኳኳል።

በየቀኑም ድምፁ ዝቅ ይላል። መጀመሪያ ከትከሻዬ ትይዩ ነበር። ቀጥሎ ከበሩ እጀታ። ቀጥሎ ከጉልበቴ... በመስኮት ሳይ የሞስም ዓይን አብሮ ዝቅ ይላል። መጀመሪያ አንጋጦ ነበር የሚያየው፣ በኋላ ፊት ለፊት። አንድ ቀን ደግሞ ደረቱን በረዶው ላይ አስተኝቶ አገኘሁት፣ ከወደቀ ሰው ጎን እንደሚተኛ።

ትናንት የተንኳኳው ከበሩ ሥር ነው።

ሁለት ጊዜ... ከዚያ ረጅም ዝምታ። አንዷ አልመጣችም።

አንጀቴ አልቻለም። ወንበሩ ላይ ያለውን ሰው ገፍቼ ከበሩና ከወንበሩ መሃል ገባሁ። አልታገለኝም። ተንበርክኬ ጆሮዬን ከጣውላው ሥር ለጠፍኩ። ከዚያች ስንጥቅ የሚገባው ብርድ ጉንጬን አቃጠለኝ።

"አባዬ..."

መጀመሪያ ትንፋሽ ብቻ ነበር።

"ጫጩት..." አለኝ። "ደከመኝ።"

ከጀርባዬ ፉጨቱ ቆመ። እዚያ የተቀመጠው ሰው ትንፋሹን ውጦ ያዳምጥ ነበር።

መቀርቀሪያው ተጣብቆ እምቢ አለኝ። ጣቴ ደማ። እያለቀስኩ ነቀነቅሁት፣ ሳብኩት... ተለቀቀ።

ከፈትኩት።

ደጃፉ ላይ ማንም የለም።

በረዶው ላይ ግን የባዶ እግር ዱካ አለ። የሽማግሌ እግር፣ አንዱ የሚጎተት። አባቴ ያን ቀን አልጋው ላይ እንደነበረ ባዶ እግሩን ነው። ዱካው ከደጃፉ ተነስቶ ቁልቁል ወደ መቃብሩ ይወርዳል። የሚመለስ ዱካ የለም። በረዶ ገና ይጥላል፣ ዱካው ግን አልተሸፈነም... አሁን፣ አሁን የተረገጠ ነው።

ሞስ አንዴ ዞሮ አየኝ። ከዚያ አፍንጫውን ዱካው ላይ ደፍቶ ወረደ። ስጠራው አልቆመም። "አባዬ!" እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ።

ከታች የመለሰልኝ የለም።

ከኋላዬ ማንኪያ ከብርጭቆ ጋር ሲጋጭ ሰማሁ። ሻዩን ያማስላል።

ቀስ ብሎ፣ አፉን እንደሚያለማምድ ሰው...

"ጫጩት" አለኝ። "በሩን ዝጊው። ብርድ ገባ።"