«አይሆኑም» ያለው ወረቀት

ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ፀጉር ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ሥር የተቀመጡ አንዲት ወይዘሮ፣ ካስክ ሥር ያለ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ሳያውቁት እየጮኹ ያወራሉ።

«ይቺን ልጅ ታያታለሽ? ለእጮኛዋ ጉበቷን ልትሰጥ ተመርምራ፣ አልገጥም ብሏት ነው እንጂ! ዛሬ እንዲህ ያለ ፍቅር ከየት ይገኛል?»

ፀጉር ሠሪዋ ፀጉር የምትጠቀልልበት ቢጎዲን ከእጇ አመለጠ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ምክንያቱም ገጥሞ ነበር። ደሟም፣ የጉበቷ መጠንም፣ የደም ሥሮቿ አቀማመጥም ልክክ ብሎ ገጥሞ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ይኸው ካስክ ተበላሽቶ አንድ ኤሌክትሪሺያን ተጠራ። መጣ፣ ፈታታ፣ መልሶ ገጠመ፣ ሰካ። ድው! መብራቱ ድርግም አለ። ግማሽ ፀጉሯ የተተኮሰ፣ ግማሹ የቆመ ደንበኛ መሃል ቤት ተገትራ ቀረች። ልጁን ላብ አጠመቀው።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ቀና ብሎ ፀጉር ሠሪዋን እያየ።

እሷ ደግሞ ሰበብ የማይደረድር ባለሙያ አይታ አታውቅም፤ ዓይኗን ከሱ መንቀል አቃታት። የፀጉር ቤቱ ሴቶች «ፊውዝ» ብለው ስም አወጡለት። ፊውዝ ከዚያ ወዲያ ምንም ባልተበላሸበት ቀን ሁሉ ሊጠግን ይመጣ ጀመር።

ሊጋቡ ስድስት ወር ሲቀራቸው የፊውዝ ዓይን ቢጫ ሆነ። ጉበቱ አልቋል አሉ ሐኪሞቹ። ያለው መላ አንድ ነው፦ ጤነኛ ሰው ከጉበቱ ከፍሎ ይሰጠዋል፣ የሰጪውም የተቀባዩም ቀስ በቀስ መልሶ ያድጋል። ቤተሰቡ ተሰበሰበ። እናትየው በዕድሜያቸው አይሆኑም ተባሉ። ታላቅ ወንድሙን ጉበትህ ስብ ይዟል አሉት። የቀረችው ታላቅ እህቱ ነበረች፤ ሁሉም እትዬ የሚሏት፣ የሁለት ትንንሽ ሴት ልጆች እናት። እትዬ አፏን ሳትከፍት ፀጉር ሠሪዋ ብድግ አለች።

«እኔ እያለሁ የልጆች እናት ምን ሲደረግ ትቀደዳለች?» አለች። እናትየው ጉልበቷን ስመው አለቀሱ።

በዚያ ሆስፒታል ሰጪና ተቀባይ አንድ ሐኪም አያያቸውም። የሰጪዋ ሐኪም ጠና ያለች፣ ረጋ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ምርመራው ሁሉ ሲያልቅ በሩን ዘጋች።

«ሁሉም ነገር ገጥሟል» አለቻት። «የቀረው ያንቺ ፈቃድ ነው። እስከ ቀዶ ጥገናው ጠዋት ድረስ ሐሳብሽን መቀየር ትችያለሽ። ከቀየርሽ፣ ለቤተሰቡ የምጽፈው ‹ለዚህ ልገሳ አይሆኑም› የሚል ብቻ ነው። ምክንያቱ ከዚህ ክፍል አይወጣም።»

«ኧረ እኔ ቆርጫለሁ ዶክተር።»

ቆርጣም ፈረመች። የፈረመችበት ቅጽ ላይ ግን አልፎ አልፎ ሰጪውም ሊሞት እንደሚችል የሚገልጽ አንድ መስመር ነበር። ያቺ መስመር ቤት ድረስ ተከተለቻት። ስትበላ ታያታለች፣ የሰው ፀጉር ስታጥብ ታያታለች። በሦስተኛው ቀን ሐኪሟ ፊት ተቀምጣ «እወደዋለሁ፤ ግን አልችልም» አለች። ሐኪሟ አልወቀሰቻትም። ሶፍት አቀበለቻትና ወረቀቱን ጻፈች።

ብትወቀስ ይሻላት ነበር። እናትየው አቅፈው «ሐሳብሽ ይበቃናል የኔ ልጅ» አሏት። እትዬ ትከሻዋን እየደባበሰች «በቃ አታልቅሺ፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም» አለቻት። በአስራ አምስተኛው ቀን እትዬ በሷ ፋንታ ቀዶ ጥገና ክፍል ገባች። የፊውዝ ሰላም ነበር። የእትዬ ግን ሐሞቷ እየፈሰሰ ሆዷ አበጠ፤ ሁለተኛ ከፈቷት። ፀጉር ሠሪዋ ኮሪደሩ ላይ ቆማ የእትዬን ልጆች ፀጉር ስትጎነጉን፣ ያየ ሁሉ ይመርቃት ነበር።

ሁለቱም ዳኑ። እሷ ግን ያቺ ወሬኛ፣ ያቺ ሳቂታ ዝም አለች። ፊውዝ ስለ ሠርግ ሲያነሳ «እስቲ ይደርሳል» ትላለች። እጇን ሲይዛት ቀስ ብላ ቦርሳዋን የምትፈልግ መስላ ታስለቅቀዋለች። እንዴት አድርጋ ትንገረው? ከነገረችው ታጣዋለች። ካልነገረችው ደግሞ ዕድሜ ልኳን ባልሠራችው ሥራ ስትመሰገን ልትኖር ነው።

ሦስተኛው ወር ሊገባ ሲል ለክትትል ቀጠሮ ሄደው፣ የሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እሱ ማስኩን ወደ አገጩ አወረደ።

«አንድ ነገር ልበልሽ፣ አትቆጪኝ» አለ። «ዕድሜ ልኬን ክኒን የምውጥ ሰው ነኝ። እኔን በግድ ማግባት የለብሽም። ከከበደሽ ለሰው ሁሉ የተውኳት እኔ ነኝ እላለሁ። አንቺን ማንም አያማሽም።»

ይኸው ደግሞ ሌላ መሸፈኛ ቀረበላት። የመጀመሪያው ምን እንዳደረጋት አሳምራ ታውቃለች።

«ገጥሞ ነበር» አለች።

«ምኑ?»

«ጉበቴ። ሁሉም ነገር ገጥሞ ነበር። ፈርቼ ነው። ዶክተሯን አልችልም አልኳት፣ እሷም ሸፈነችልኝ። እትዬ የተቀደደችው በኔ ፋንታ ነው።»

አንዲት ነርስ ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች አለፈች፤ ፊውዝ እስክትርቅ ድረስ በዓይኑ ተከተላት። ፀጉር ሠሪዋ ልትነሳ ቦርሳዋን ሰበሰበች።

«ተቀመጪ» አለ። አላያትም። «ወረቀቱ የመጣ ቀን ደስ ብሎኝ ነበር። ምን ትሆንብኝ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ ካጣሁ ሰንብቼ ነበር። አይሆኑም ሲሉሽ እፎይ አልኩ። ቀጥሎ ተራው የማን እንደሆነ እያወቅኩ፣ እፎይ አልኩ። እህቴን ሁለተኛ ሲከፍቷት ያ እፎይታዬ ነው አንቆ የያዘኝ።»

ሁለቱም አንገታቸውን ደፉ። እንዲያ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው ሲያፍሩ፣ ሳታስበው እጁን ያዘች። አላስለቀቀችውም።

«ለእትዬ መንገር አለብኝ» አለች።

«አለብን» አለ።

እትዬ ሶፋ ላይ ተቀምጣ የልጆቿን ልብስ ስታጥፍ ደረሱ። ፀጉር ሠሪዋ መቀመጥ አልሆነላትም፤ ቆማ ተናገረች፣ አንድም ሳታስቀር። ፊውዝም የራሱን ጨመረ። እትዬ አንዲት ትንሽ ሹራብ ሦስት ጊዜ አጥፋ ሦስት ጊዜ ፈታችው።

«ያቺ ዶክተር እኔንም በር ዘግታ ጠይቃኛለች» አለች በመጨረሻ። «አልፈልግም ብያት ወጣሁ። ታክሲ ተሳፈርኩ። ግማሽ መንገድ ላይ ወርጄ ተመለስኩ።»

«ለምን ተመለስሽ?» አለ ወንድሟ።

«ከኋላዬ ሰው ስለሌለ ነዋ! እሷ አልገጠመችም ተብሏል።» ወደ ፀጉር ሠሪዋ ዞረች። «መፍራትሽ አይደለም የከነከነኝ። ባዳዋ ልጅ ልትሰጥ ጓጉታ አልሆነላትም፣ እኔ የገዛ እህቱ ታክሲ ይዤ ሸሸሁ እያልኩ፣ ባየሁሽ ቁጥር ሳፍርሽ ነው የከረምኩት። ሆዴ ተከፍቶ ተኝቼ እንኳ አንቺን ሳፍር ነበር። ፈራሁ ብትዪኝ አብረን እንፈራ አልነበር?»

ፀጉር ሠሪዋ እስከዚያች ቀን ያፈረች መስሏት ነበር። ማፈር ምን እንደሆነ ያወቀችው ያኔ ነው።

«ይቅር በይኝ እትዬ።»

«ዛሬ አልልሽም። ቆሽቴ አሯል።»

የሁለት ዓመቷ ልጅ ከእንቅልፏ ነቅታ፣ ዓይኗን እያሸች ከጓዳ ወጣች። እናቷ እግር ሥር ቆማ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘረጋች። እትዬ ገና ለአንድ ወር ከባድ ነገር እንዳታነሳ ታዝዛለች። ልጅቷ ይህ አይገባትም፤ እጇን እንደዘረጋች መነጫነጭ ጀመረች። እትዬ ፊቷን አዞረች።

ፀጉር ሠሪዋ ልርዳ ለማለት እንኳ አፏ አልደፈረም።

«ምን ተገትረሽ ታዪኛለሽ?» አለች እትዬ ድምፅዋ እየተሰባበረ። «አንሺና አስታቅፊኝ እንጂ። በግራ በኩል፣ ቀስ ብለሽ።»

ፀጉር ሠሪዋ ተንበርክካ ልጅቷን አነሳችና በግራ በኩል፣ ቁስሉን ሳትነካ፣ እናቷ ጭን ላይ አኖረቻት። እትዬ የልጇን አናት ሳመች።

«ነገም ትመጫለሽ» አለች ሳታያት። «ራሴ ማንሳት እስክችል በየቀኑ ትመጫለሽ። ስለ ሠርጋችሁ ከዚያ በኋላ እናወራለን።»

በማግስቱ ፀጉር ሠሪዋ ፀጉር ቤቱን ከመክፈቷ በፊት የእትዬ ቤት በር ላይ ተገኘች።