በስክሪኑ ፊት የቆመው ፈረስ

ጆሲ በከተማው አዛውንቶች ፊት ጽሑፏን አንብባ ስትጨርስ አዳራሹ ጸጥ አለ። አጠገቧ የተቀመጠችው ማርኒ እጆቿን ጠረጴዛው ስር ደበቀች።

ከከተማው ዳር የነበረው የመኪና ሲኒማ ከተዘጋ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ሰዎች መኪናቸው ውስጥ ሆነው ፊልም ያዩበት ሜዳ ዛሬ ስንዴ ይዘራበታል። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ሁለት ሁለት ሆነው የአዛውንቶችን ትዝታ እንዲሰበስቡ ታዘው ነበር። ማርኒ ሁለት ሰዎች አነጋገረች። ጆሲ ማንንም አላነጋገረችም። ትናንት አውቶቡስ ውስጥ ቺፕስ እየበላች አንድ ታሪክ ፈጠረች፦ በአንድ የበጋ ምሽት ፊልሙ መሃል ላይ ፈረስ መጥቶ ስክሪኑ ፊት ቆመ፤ ምስሉ ገላው ላይ ሲጫወት አንድም መኪና ጥሩምባ አልነፋም። ፈረሱን መጀመሪያ ቡናማ ብላው ነበር። «በጨለማ አይታይም» ብላ ነጭ አደረገችው።

«ጆሲ፣ ሰው ቢጠይቅስ?» ብላት ነበር ማርኒ።

«ማን ሊጠይቅ? አታካብጂ ባክሽ! ፖሊስ ነሽ እንዴ?»

ማርኒም ፊቷን ወደ አውቶቡሱ መስኮት አዞረች።

«ትክክል ነው!» አሉ አሁን ከአዳራሹ ኋላ ጡረተኛው መካኒክ አቶ ዴስ። «እኔም በዓይኔ አይቼዋለሁ!»

«አንተ ደግሞ ምን ታያለህ?» አሏቸው አንዲት አሮጊት። «የሲኒማው ድምፅ ማጉያ መስኮትህ ላይ እንደተንጠለጠለ ነድተህ፣ ሽቦውን በጥሰህ የሄድክ ሰውዬ!»

አዳራሹ አውካካ። ማርኒ ግን አልሳቀችም። ከፊት ወንበር ወይዘሮ ሃሎራን ቀስ ብለው ሲነሱ እያየች ነበር።

«ያን ምሽት ሮን አጠገቤ ነበር» አሉ። ባላቸው ሮን የሞተው አምና ነው። «‹ዝም በይ፣ እንዳይደነግጥ› ብሎ እጄን ያዘኝ። እንዴት ረሳሁት? እንዴት እንዲህ ያለውን ነገር ረሳሁት?» እንባቸው ወረደ።

ምናልባት በእውነት ደርሶ ይሆን? ማርኒ ለአፍታ ተስፋ አደረገች። ነገር ግን ያነጋገረቻቸው ሁለቱም ሰዎች አንድ ነገር ነግረዋታል፦ ሜዳው ዙሪያውን ከሰው ቁመት በላይ በሆነ ቆርቆሮ ታጥሮ ነበር፤ መግቢያውም አንድ ብቻ፣ እሱም ጠባቂ ያለው። ልጆች ሳይከፍሉ ለመግባት የመኪና የኋላ ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ይደበቁ የነበረውም ለዚያ ነው። ፈረስ በየት በኩል ይገባል?

መምህሯ ሚስ ፔትሪ አጨበጨቡ። «ጎበዞች! ሜዳው ላይ በምናቆመው የብረት መታሰቢያ ሰሌዳ ላይ የሚቀረጸው ይሄ ነው። ከሮን ስም ጋር። አሁን ሻይ እንጠጣ።»

ሁሉም ሲነሳ ጆሲ የማርኒን ክንድ ያዘች። «እንዳትናገሪ። ደስ ብሏቸዋል እኮ፣ አታያቸውም? ብትናገሪ ባላቸውን ሁለተኛ መቅበር ነው።»

«አንቺስ ለምን አትነግሪያቸውም?»

«እኔ? አብደሻል? በዚህ ሁሉ ሰው ፊት?»

ጆሲ ያለችው ሙሉ በሙሉ ውሸት አልነበረም፤ ማርኒን ይበልጥ ያስፈራትም እሱ ነው። ግን ሮን በእርግጥ ከሚስቱ ጎን የተቀመጠባቸው ብዙ ምሽቶች ነበሩ። ብረት ላይ ተቀርጾ የሚቀረው ግን ያልነበረው ምሽት ሊሆን ነው።

ክንዷን ከጆሲ እጅ አላቀቀች።

ወይዘሮ ሃሎራን መስኮቱ ስር ብቻቸውን ተቀምጠው ፈገግ ብለው ነበር። ማርኒ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። በእጃቸው የያዙት ሻይ ገና ትኩስ ነው። ስኒውን ቀስ ብላ ተቀብላቸው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ባዶውን እጃቸውን ያዘች።

«ወይዘሮ ሃሎራን» አለች፣ «ስለ ፈረሱ የምነግርዎት ነገር አለ።»