ዘጠኙን ስንጨርስ

«እየው እንጂ! ምን ታቀረቅራለህ? ምልክቱ ያንተ አይደለም?»

«የኔ ነው አልኩህ እኮ! ስንቴ ልበል?»

«እንግዲያው ወንድሜን የገደልከው አንተ ነህ።»

«ጮኼአለሁ... ኳሷ ስትጠምብኝ ‹ተጠንቀቁ!› ብዬ ጮኼአለሁ...»

«ጩኸትህን አሁን ሄደህ ንገረው፤ እዚያ ተጋድሞልሃል!»

ኢንስፔክተሯ የልብስ መቀየሪያ ክፍሉን በር ስትከፍት ሁለቱ ሰዎች ሊተናነቁ ምንም አልቀራቸውም። ጣቱን የቀሰረው የሟች ታናሽ ወንድም ነው፤ በሟች የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ እየቀረጸ የሚኖር፣ አርባ ዓመት የሞላው ሰው። ያቀረቀረው ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነው። በመሐላቸው፣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ፣ በቀለም ሁለት ቀይ ነጠብጣብ የተደረገባት ነጭ የጎልፍ ኳስ ተቀምጣለች። የሟች ባለቤት በሽቦ በታጠረው መስኮት አጠገብ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀምጣለች። በሩ ሥር የቆሙት ሽማግሌ የሜዳው ሠራተኛ ናቸው፤ ሁሉም «አባ ሣር» ይሏቸዋል።

«ተቀመጡ» አለች ኢንስፔክተሯ የዝናብ ልብሷን እያወለቀች። «የትም አትሄዱም፤ እኔም አልሄድም። ድልድዩን ውሃ ሸፍኖታል። እኔና ኮንስታብሉ ለጥቂት ነው ያለፍነው፤ አምቡላንሱ ወዲያ ማዶ ቀርቷል።»

ክፍሉ ጠባብ ነው። የብረት ሣጥኖቹ እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል፤ እርጥብ የቆዳ ጫማ ይሸታል። ወደ አዳራሹ የሚያስወጣው በር ተዘግቷል፤ ከበሩ ወዲያ ሟቹ የጥርስ ሐኪም፣ ዶክተሩ፣ ረጅም ጠረጴዛ ላይ፣ በጠረጴዛ ልብስ ተሸፍኖ ተኝቷል። የቀረው መውጫ በጓሮ በኩል ያለው ትንሽ በር ነው፤ እሱም የሚያወጣው ወደ ዝናቡ ነው።

የሆነው ነገር እንደ ነገሯት አጭር ነበር። ዶክተሩ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰው ሁሉ ቀድሞ፣ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ዘጠኙን ጉድጓድ መጫወት ይጀምራል። ዛሬ በስድስተኛው ግሪን ላይ፣ ማለትም ጉድጓዱ ባለበትና ሣሩ እንደ ምንጣፍ አጥሮ በተቆረጠበት ቦታ፣ ቀኝ ጆሮ ግንዱ ተሰብሮ ወድቆ ተገኘ። የመምህሩ ኳስ ከሟች ራስ አጠገብ ነበረች። መምህሩ ከዛፎቹ ወዲህ ባለው በሰባተኛው መንገድ ላይ ብቻውን ይለማመድ ነበር፤ ኳሱ ጠማ በዛፎቹ ላይ አልፋለች። ሬሳውን ወንድምየውና አባ ሣር ተሸክመው አስገቡት፤ ኳሷንም እንዳለች አመጧት። ከዚያ ዝናቡ መጣና ሜዳውን አጠበው።

በአራቱም ዘንድ ነገሩ ያለቀለት ነበር። መምህሩ ሰው ገድሏል፤ ሳያስበው ቢሆንም ገድሏል። እስር ቤት ይጠብቀዋል። ራሱም አልካደም።

ኢንስፔክተሯ ኳሷን በመሐረብ አንስታ ወደ ክለቡ ትንሽ ቢሮ ገባችና በመጀመሪያ እሱን አስጠራችው።

«መምህር፣ ሲመታው አይተዋል?»

«አላየሁም። ዛፎቹ ይጋርዳሉ።»

«ታዲያ ገዳይ ነኝ ለማለት ምን አስቸኮለዎት?»

«ኳሷ የኔ ነቻ! እዚህ ጨዋታ ውስጥ ዳኛ የለም፣ ኢንስፔክተር። ጥፋትህን የምትናገረው ራስህ ነህ። ቁጥቋጦ ውስጥ ማንም ሳያይህ ኳስህን ብትነካ እንኳ በራስህ ላይ አንድ ምት ትቆጥራለህ።»

«እስር ቤቱንም በራስዎ ላይ ሊቆጥሩ ነው?»

እጆቹ ጉልበቶቹ ላይ እንደ ተማሪ ተደርድረዋል። ኢንስፔክተሯ ወንበሯን ሳብ አደረገች።

«እስቲ እኔ የማላውቀው ነገር ነውና ያስረዱኝ። ኳስ መትቶ ተከትሎ መሄድ፣ ደግሞ መትቶ ደግሞ መሄድ፣ ምኑ ነው ደስ የሚለው?»

«ሚስቴም እንደዚሁ ነው የምትጠይቀኝ» አለ፤ ፊቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ፈታ አለ። «ሳምንቱን ሙሉ ስድሳ ተማሪ ይጮህብኛል። እዚህ ኳሷ ቆማ ትጠብቀኛለች፤ ማንም አያጣድፈኝም። አርባ ጊዜ መትቼ ሠላሳ ዘጠኙን አበላሻለሁ። አንዷ ግን... ድምጿ እንኳ ሌላ ነው። እጅዎ ላይ ምንም አይሰማዎትም፤ ቀና ሲሉ ልክ ባሰቡበት ሰማይ ላይ አለች። በዚያች በአንዷ ሳምንቱን እኖርባታለሁ። ማክሰኞ ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዤ ቆሜ ትዝ ትለኛለች። የሚያመካኙበት ሰው የለም፤ የሚያመሰግኑትም የለም። ብቻዎን ነዎት፤ ግን ደስ የሚል ብቻነት ነው።» ከዚያ ኳሷን አያት። «ነበር።»

ኢንስፔክተሯ ኳሷን በመሐረቡ ላይ አንከባለለቻት። «ጠዋት ጠዋት ኳሱ ሁሉ እንዲህ ይነጣል?»

«ኧረ የት! በጠል ጊዜ ጭቃና የሣር ብጣሽ ለብሳ ነው የምትመጣው። ግሪን ላይ ስትደርስ አንስተህ ትጠርጋታለህ። ቆሻሻ ኳስ ግሪን ላይ የሚያኖር ሰው የለም።»

«ስታነሳት ቦታው አይጠፋም?»

«ከጀርባዋ ሳንቲም ታስቀምጣለህ።»

ኢንስፔክተሯ ጻፈች።

አባ ሣር ገቡ፤ ኮፍያቸውን አውልቀው እጃቸው ላይ ያሽከረክሩታል።

«መጀመሪያ ያገኟቸው እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ ልጄ። ከሩቅ ሳያቸው የሞቱ አልመሰለኝም። ጎንበስ ብለው የሣሩን ዝንባሌ የሚያዩ ነው የመሰለኝ፤ ሲጫወቱ እንደዚያ ያደርጋሉ። እንዲያውም...» ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ። «በየጠዋቱ ከጉብታው ላይ ሆኜ ፎቶ አነሳለሁ። የታመመ ሣር በጠሉ ላይ ይታወቃል። እጄ ለምዶ ነው የነካሁት፤ በሬሳ ላይ የምቀልድ እንዳይመስልብኝ።»

ኢንስፔክተሯ ፎቶውን በጣቶቿ አሰፋችው። ግሪኑ ግማሹ በጠል ነጥቷል፤ ግማሹ ጥቁር አረንጓዴ ነው። በነጩ ላይ ኳስ ተንከባላ የሄደችበት ቀጭን መስመር ይታያል። መስመሩ ድንገት ያበቃል። ካበቃበት ቦታ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ጎን አንዲት ሳንቲም ታበራለች።

«ጠሉን በግማሽ የጠረጉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ? መጥረጊያው ዘንግ እዚያው ሣር ላይ ነው የሚያድረው፤ እኔ ግን ገና መድረሴ ነበር። ዶክተር ራሳቸው የጠረጉት ነው የመሰለኝ።»

«ሬሳውን ስትሸከሙ በየትኛው በኩል ነበሩ?»

«በእግራቸው። በራሳቸው በኩል ወንድማቸው ያዘ፤ እሱ ይሻላል፣ እኔ ጉልበት የለኝም።»

«አንድ ነገር ላስቸግርዎት። ዝናቡ ጋብ ሲል ከስድስተኛውና ከሰባተኛው መሐል ያሉትን ዛፎች ሥር ሥራቸውን ይፈትሹልኝ። ኮንስታብሉ አብሮዎት ይሄዳል።»

የሟች ባለቤት እንባ አላወጣችም። ረጅም መንገድ ተጉዞ ገና እንደ ደረሰ ሰው ደክማ ነበር።

«እርስዎም ይጫወታሉ?»

«ዱላ ጨብጬ አላውቅም። በረንዳው ላይ ሆኜ እጠብቃለሁ። ዶክተር ቅዳሜ ቤተሰቡ እንዲበተን አይወድም።»

«ክፉ ሰው ነበሩ?»

«በፍጹም! አንድ ቀን ክፉ ቃል ወጥቶት አያውቅም። ብቻ የያዘውን አይለቅም።» በመስኮቱ ሽቦ በኩል ወደ ውጭ አየች። «ወንድሙ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቷል፤ የሚያገባትም ልጅ እዚያው ነው ያለችው። የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ ከጠየቀ ሦስት ዓመቱ። ‹ዘጠኙን ስንጨርስ እንነጋገራለን› ይለዋል። ሲጨርሱ ይደክመዋል። እንዲህ እያለ ሌላ ቅዳሜ ይመጣል።»

«ዛሬ ወንድማቸው አልተጫወተም?»

«ወገቤን ያዘኝ ብሎ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ቀረ። እኔ ካለሁበት የጓሮ በሩ አይታይም።»

«የመምህሩ ኳስ ከዚህ በፊት ጠፍታ ታውቃለች?»

«ሁልጊዜ ነዋ! ምስኪን፣ ግማሹን ለጫካው ነው የሚመግበው። ባለፈው ቅዳሜ እንኳ አንዷን ወንድምየው አግኝቶ ‹እሰጠዋለሁ› ብሎ ኪሱ ሲከታት አይቻለሁ።» የቦርሳዋን መዝጊያ ከፈተች፣ ዘጋች፣ እንደገና ከፈተች።

ወንድምየውን ብዙም አልጠየቀችውም።

«ወገብዎ እንዴት ሆነ?»

«እንዳለ ነው። ጠዋት ከዚህ ክፍል አልወጣሁም፤ ጩኸት ሰምቼ ነው የሮጥኩት።»

«ሮጡ?»

«ማለቴ... እንደምንም ሄድኩ።»

አምስት ሰዓት ሲሆን ሁሉንም ልብስ መቀየሪያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ዝናቡ ቆርቆሮውን በቀስታ ይመታል። ኢንስፔክተሯ ጀርባዋን ለብረት ሣጥኖቹ ሰጥታ ቆመች።

«መምህር፣ ሰው አልገደሉም» አለች።

መምህሩ ቀና አለ። ወንድምየው ግን፣ «ኳሱስ?» አለ።

«ከኳሱ እንጀምር። ይህች ኳስ እርጥብ ሣር መትታ፣ በዛፍ አልፋ፣ የሰው ጭንቅላት ሰብራ ጠል ላይ ወደቀች ተባለ። ግን አንዲት የሣር ብጣሽ የለባትም። ያስቀመጣት ሰው ጠርጓታል። ይህችኛዋ ደግሞ» አለች፤ ኮንስታብሉ ጭቃ የለበሰች ሌላ ኳስ አወጣ፤ ቀያዮቹ ነጠብጣቦች በጭንቅ ይታያሉ፤ «አባ ሣር ከዛፎቹ ሥር ያገኟት ናት። መምህር ዛሬ የመቷት ይህቺ ናት። ግሪኑ ጋ አልደረሰችም።»

«እሰይ!» አሉ አባ ሣር፤ ከዚያ አፋቸውን በኮፍያቸው ሸፈኑ።

«እንግዲህ አንዱ ሰው የመምህርን ኳስ ሬሳው አጠገብ አኑሯል። መምህር ቢገድሉ ኖሮ በራሳቸው ላይ ምስክር አያቆሙም ነበር። ማን ነው ያኖራት? ዶክተሩ ብቻቸውን ነበሩ ትላላችሁ። ፎቶው ግን አይልም። የኳሳቸው መስመር ያበቃበት ቦታ ሌላ፣ ሳንቲማቸው ያለችበት ቦታ ሌላ። መምህር፣ ሳንቲሙን ወደ ጎን የሚያርቁት መቼ ነው?»

«የሌላ ሰው ኳስ በዚያ የምታልፍ ከሆነ ነው። እንዳያሰናክለው የዱላህን ጫፍ ያህል ታርቅለታለህ። እሱ ሲጨርስ መልሰህ ቦታው ታደርጋለህ።»

«ብቻውን የሚጫወት ሰውስ?»

«ብቻውንማ ከሆነ ለማን ብሎ?»

ይህን ከተናገረ በኋላ ነው ያለው ነገር የገባው። ቀስ ብሎ ፊቱን ዞር አደረገ።

«ለማን ብለው?» አለች ኢንስፔክተሯ። «ለእትዬ አይደለም፤ አይጫወቱም። ለአባ ሣር አይደለም።»

«አርባ ዓመት ሣር ቆርጬ አንዲት ኳስ መትቼ አላውቅም» አሉ አባ ሣር።

«መምህር ከዛፎቹ ወዲህ ነበሩ፤ ኳሳቸው ትመሰክራለች። ስለዚህ ወገቡን ያመመው ሰው ቀረ፤ ትልቅ ሬሳ በራሱ በኩል የተሸከመው። የእግሩና የኳሱ ዱካ ያለበትን ግማሽ ጠል ጠርጓል። ሳንቲሟን ግን አላያትም፤ በየሳምንቱ የሚያያት ነገር ናት። ባለፈው ሳምንት የመምህርን ኳስ ኪሱ ከቷል። ሣጥኑ ውስጥ ካየኋቸው ዱላዎቹም አንዱ ብቻ፣ ኳስ የሚያንከባልሉበት ፓተሩ፣ በሳሙና ታጥቧል።»

ወንድምየው አልተነሳም። እጆቹን አገላብጦ አያቸው፤ ጥርስ የሚቀርጹ፣ ቀጫጭን ጣቶች ናቸው።

«ሰኞ የመጨረሻ ቀኔ ነበር» አለ። «ሰኞ ካልመጣህ ሌላ ሰው እንቀጥራለን ብለውኛል። ሳንቲሙን ሊመልስ ጎንበስ እንዳለ ‹ወንድም ጋሼ፣ ሰኞ ነው› አልኩት። ቀና እንኳ አላለም። ‹ዘጠኙን ስንጨርስ› አለኝ። ሦስት ጉድጓድ ነበር የቀረን። ሦስት ጉድጓድ መሄድ አቃተኝ።»

«መምህርስ ምን አደረጉህ?»

«ጩኸቱን ሰማሁ። እጄን ኪሴ ስከት ኳሱ ነበረች። ሌላ አላሰብኩም።»

«ግን ጠረግካት።»

«ጠረግኳት?» አለ፤ ከልቡ ነው የጠየቀው።

የሟች ባለቤት ተነስታ አጠገቡ ቆመች። ትመታዋለች ወይስ ታቅፈዋለች፣ ለራሷም አልታወቃትም። «ለኔ ብትነግረኝ ምን ነበር?» አለችው።

«ለአንቺ? አንቺስ መቼ ወጣሽ፣ እትዬ?»

ከማዶ የመኪና ጥሩንባ ተሰማ። አባ ሣር መስኮቱ ላይ ተለጥፈው «ውሃው ጎደለ! ድልድዩ ታየ!» አሉ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ መናገር ጀመረ። ኮንስታብሉ ካቴናውን ፈለገ፤ ባለቤትየው ወንድምየው ኮት ካልለበሰ አይወጣም አለች፤ አባ ሣር እንዴት ሳይጠረጥሩ እንደ ቀሩ ለኢንስፔክተሯ ሁለቴ አስረዱ።

መምህሩ ከአግዳሚው ወንበር ተነሳ። ጠዋቱን ሙሉ ገዳይ ሲባል የዋለ ሰው ነው። የሚያናግረው ሰው ይኖር እንደሆነ ብሎ ይመስላል፣ ጥቂት ቆመ። ከዚያ የጓሮውን በር ከፍቶ ወጣ፤ በሩንም በቀስታ መልሶ ዘጋው።

«መኪናው ስንት ሰው ይይዛል?» አለች ኢንስፔክተሯ።

ኮንስታብሉ በጣቱ እየጠቆመ ቆጠረ። «እርስዎ፣ እኔ፣ እሱ፣ እትዬ፣ አባ ሣር። ሁላችንንም ይበቃናል።»