የቆንጥር ኮፋኖ

ቀለሙ የመኪናው ኮፋኖ ላይ እንዳረፈ ይሸሽ ጀመር። ቆንጥር የቀለም መርጫውን ወደ ኋላ ሳብ አድርጋ አፈጠጠች። አሁን የተነፋው ሰማያዊ ቀለም እዚህም እዚያም እየተከፈለ፣ የምስር ፍሬ የሚያህል ክብ ጉድጓድ እየሠራ፣ ከሥሩ ግራጫው የመሠረት ቀለም ብቅ ይላል። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት፤ ከዚያ በኋላ መቁጠሩን ተወችው። ጭምብሏን አወረደች።

ቆንጥር ያለቻት እናቷ ናት፤ እንደ እሾሁ አንዴ የያዘችውን ስለማትለቅ። ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ባለፉት ሁለት የክረምት ዕረፍቶች፣ የመኪና ቀለም ቀቢ በሆነው አጎቷ ጋራዥ ስቱኮ በብርጭቆ ወረቀት ስትፍቅ ከርማለች። መርጫ ግን ጨብጣ አታውቅም። በጠየቀችው ቁጥር «የአንቺ እጅ ለብርጭቆ ወረቀት ነው የተፈጠረው» እያለ ሠራተኞቹን ያስቅባታል። ሰው ሲስቅባት ደግሞ ደሟ ይፈላል። ባለፈው ሳምንት በሁሉም ፊት፣ የእናቷን አሮጌ መኪና ኮፋኖ ግቢያቸው ውስጥ ብቻዋን ቀብታ እንደምታሳየው ተናገረች። አጎቷ ሳቁን ሳይጨርስ መርጫውንና ትንሿን ኮምፕሬሰር አዋሳት። ቅዳሜ መጥቶ ያያል፤ ካማረ በሚቀጥለው ዕረፍት መርጫ ትይዛለች፤ ካላማረ ነገሩን ዳግመኛ ላታነሳ ተስማሙ።

ቅዳሜ ዛሬ ነው። እሷ ደግሞ የቀረ ነገር ያለ አልመሰላትም ነበር። ኮፋኖውን ትከሻዋ እስኪዝል ፍቃዋለች፤ መስታወቱንና መብራቶቹን በጋዜጣና በፕላስተር ሸፍናለች፤ አቧራ እንዳይነሳ የግቢውን ሲሚንቶ ውሃ አርከፍክፋበታለች። ታዲያ ምን ጎደለ?

ዓይኗ የመኪናው ጎማ ላይ በተጣለው ነጭ ፎጣ ላይ አረፈ።

እናቷ በቤታቸው የፊት ክፍል የሰው ፀጉር ትሠራለች። ፎጣዎቿ ሁልጊዜ ግቢው ውስጥ ሽቦ ላይ ይሰጣሉ። ቆንጥር ቀለሙን ልትነፋ ስትል ስስ አቧራ አየችና አንዱን ፎጣ ሳብ አድርጋ ጠረገችበት። ታጥቧል፤ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ግን ያ ፎጣ ለስንት ዓመት የፀጉር ቅባት ሲጠጣ ኖሯል! ሳሙና ያነጣዋል እንጂ ቅባቱን ጨርሶ አያወጣለትም፤ ቀለም ደግሞ ቅባት ያለበት ላይ አይዝም። ይህን ጋራዥ ውስጥ ብትሆን አትስተውም ነበር። ቤቷ ሆነና ተዘናጋች። በራሷ ተናደደች።

የግቢው በር ተንኳኳና አጎቷ ገባ። ኮፋኖውን ሳይነካ አጎንብሶ ዳር እስከ ዳር አየው። ለወጉ እንኳ አልሳቀም፤ ይሄ ከሳቁ ባሰባት።

«ቅባት ነክቶታል» አለ። «በምን ጠረግሽው?»

ቆንጥር አፏን ሳትከፍት እናቷ ማበጠሪያዋን እንደያዘች ደጃፉ ላይ ብቅ አለች። ፎጣውን አየች፤ የልጇን ፊት አየች።

«እኔ ነኝ» አለች። «አቧራ ይዞ ባየው ልርዳት ብዬ በፎጣ ጠረግኩት። እሷ አላየችኝም።»

ዓይኗን በጨው አጥባ ነው የዋሸችው።

«እትዬ፣ አንቺ ደግሞ!» አለ አጎቷ። ወዲያው ግን ለዘብ ብሎ ወደ ቆንጥር ዞረ። አነፋፏ ደህና እንደሆነ፣ የትም ቦታ ቀለሙ እንዳልወረደባት ነገራት። በእህቱ ጥፋት እሷን እንደማይቀጣ፣ ከዕረፍቱ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ መርጫ እንደምትይዝ ቃል ገባላት። ኮፋኖውንም አሁኑኑ ጋራዥ ይወስደዋል፤ ሠራተኞቹ ይጨርሱታል።

ሁለት ዓመት የተመኘችው ነገር መዳፏ ላይ ወደቀላት። ዝም ማለት ብቻ ነው የቀራት። እናቷም በዓይኗ «ዝም በዪ» እያለቻት ነው። ቆንጥር ግን ጋራዡን ታውቀዋለች፤ ነገ እናቷ የሠራተኞቹ መሳቂያ ትሆናለች። ደግሞ ያ «ሠራተኞቹ ይጨርሱታል» የሚለው ነገር አልዋጥላት አለ።

«እማዬ አልነካችውም» አለች። «ፎጣውን ከሽቦው ያወረድኩት እኔ ነኝ፤ የጠረግኩትም እኔ።»

እናቷ ከንፈሯን ነከሰች። አጎቷ ሁለቱንም በየተራ አያቸው።

«እንደዚያ ከሆነማ ስምምነታችንን ታውቂዋለሽ» አለና ለመርጫው እጁን ዘረጋ።

ቆንጥር መርጫውን ደረቷ ላይ ያዘችው።

«በዕረፍቱ አታስይዘኝ፤ እሺ። ይሄን ኮፋኖ ግን ከእኔ በቀር ማንም አይጨርሰውም። ከጨረስኩ በኋላ መርጫህን ጋራዥ ድረስ ራሴ አመጣልሃለሁ።»

መልሱን አልጠበቀችም። መርጫውን ከኋላዋ አስቀመጠች፤ ከእሽጉ አዲስ ጨርቅ መዘዘችና በቀለም ማቅጠኛው ነከረችው። ቅባቱ ያልደረሰበት ጥግ ላይ ሰማያዊው ውሃ መስሎ ተኝቷል። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የነፋችው ቀለም ነው፤ አሳሳት። ግን በከፊል አይታደስም፤ ሁሉም ሳይደርቅ ተጠርጎ እንደ አዲስ መነፋት አለበት። ከዚያው ካማረው ቦታ ጀመረች፤ ጨርቁን ጫን አድርጋ እስከ ጠርዙ ድረስ ጠረገችው።