በክብር የተቆለፈ ገጽ

መሥራቹ የተገኘው በጠረጴዛውና በበሩ መካከል ወድቆ ነው። አንድ እጁን ወደ ጠረጴዛው ዘርግቷል፤ በሌላው የሸሚዙን አንገትጌ ጨብጧል። ሁለት ቁልፎች ተበጥሰው ምንጣፉ ላይ ተንከባልለዋል። መርማሪዋ ተንበርክካ ቁልፎቹን አነሳች፣ ጠረጴዛውን ዳሰሰች፣ መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ ከፈተች። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ሌላው ያሳለፈውን ጠጠር እሷ ስለምታስቀር ነው። በዚያ ጠዋት ግን ወንፊት ራሷ የምትደብቀው ነገር ነበራት።

ሟቹ ከታናሽ ወንድሙ ጋር የመሠረተው ድረ ገጽ ሠራተኛና አሠሪ የሚተዋወቁበት ነበር። ሰው ፎቶውን፣ ትምህርቱንና የሠራበትን ቦታ ሁሉ እዚያ ይዘረዝራል። መሥሪያ ቤቱ የመረረውም አለቃው የማያየው «ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ» የሚል ምልክት ያደርጋል። ከአሥር ቀን በፊት ታዲያ ድረ ገጹ ለአንድ ግዙፍ የቴክኖሎጂ ኩባንያ መሸጡ ተሰማ። የዚህ ኩባንያ ፕሮግራም የማይሠራበት ቢሮ ደግሞ የለም። አገር ምድሩ ተንጫጫ። አንዱ «እንደ በግ ቆጥሮ ሸጠን» ሲል፣ ሌላው «ለመሆኑ እኔ ስንት አወጣሁ?» እያለ ቀለደ። ብዙው ግን ምልክቱን አለቃው ያየበት እየመሰለው አንገቱን ደፍቶ ሥራ ይገባ ጀመር። ለመሥራቹ በገጹ በኩል ከሦስት ሺህ በላይ የግል መልእክት ተላከ።

የሰውየው አስም የታወቀ ነበር። ሲያፍነው የሚነፋው መድኃኒት፣ ቤተሰቡ «ፓፍ» የሚለው፣ ከጠረጴዛው ላይ ተለይቶ አያውቅም። አሁን ግን የለም። ኪሱ፣ ቦርሳው፣ የቆሻሻ ቅርጫቱ ሳይቀር ተፈተሸ።

በምትኩ በበሩ ሥር አንድ ወረቀት ተገኘ። በቀይ እስክሪብቶ፣ በጠራ የእጅ ጽሕፈት፣ «እኛን እንዳሳፈርከን ትንፋሽ ይጠርህ» ይላል፤ ከነሙሉ ስምና ፊርማ። ጸሐፊው የፊዚክስ መምህር ነው። የዘበኛው መዝገብ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ ገብቶ ሁለት ተኩል ላይ መውጣቱን ያሳያል። ሬሳውን ሦስት ሰዓት ላይ ያገኘው የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው። ሐኪሙ በበኩሉ ሞቱ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መሆኑን እንጂ ደቂቃውን መናገር አልቻለም። የወንፊት አለቃ ይህን በስልክ ሲሰማ ነገሩ አለቀለት።

«ምን ትጠብቂያለሽ? አስገቢው» አላት።

እሷም አስገባችው። መምህሩ ተማሪዎቹ እያዩት፣ ጠመኔውን እንደያዘ ከክፍል ወጣ። መዝገቡ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለዐቃቤ ሕግ እንዲላክ ተወሰነ።

ጣቢያ ሲደርሱ መምህሩ የጫማውን ክር ፈትቶ እያስረከበ አንዴም ድምፁን ከፍ አላደረገም። በሩን አንኳኩቶ መልስ ሲያጣ ወረቀቱን ከትቶ መውረዱን ተናገረ። ለምን እንደጻፈ ስትጠይቀው ግን አቀረቀረ።

«ሥራ ፍለጋዬን ዳይሬክተሩ አየብኝ ብዬ ነው። ጽፌዋለሁ፤ አፍሬበታለሁም» አለ። «እርግማን ግን ሰው አይገድልም እትዬ፤ እኔ የማስተምረው ፊዚክስ ነው።»

ወንፊት ጆሮዋ ድረስ ጋለች። እሷም እኮ ጽፋለች። ምልክቱን ካደረገች ዓመት ሆኗታል፤ የሽያጩን ወሬ የሰማች ዕለት ደሟ ፈልቶ ለመሥራቹ የላከችው መልእክት ከመምህሩ የባሰ ነበር። ቁጣው ሲበርድ ጸጸት ያዛት። ዛሬ ጠዋት፣ ስለ ሬሳው ከመጠራቷ በፊት፣ መልእክቱን ልታጠፋ ብትሞክር ገጹ እምቢ አላት። ስድቡ ሲበዛበት መሥራቹ ዘግቶት ነው ብላ ተወችው። አሁን መምህሩን ከፊቷ አስቀምጣ ስለ እርግማን ስትጠይቀው በገዛ ራሷ አፈረች። ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ የመምህሩ ሴት ልጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። «አባቴ ምን አደረገ?» አለቻት። ወንፊት «ገና እየተጣራ ነው» ብላ አለፈቻት።

ወደ መሥሪያ ቤቱ ተመለሰች። የሟቹ ታናሽ ወንድም ዓይኑ ደም መስሏል። ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ተኩል ከሁለት ጠበቆች ጋር ሆቴል ሆኖ ከገዢዎቹ ጋር በቪዲዮ ሲነጋገር ነበር፤ ጠበቆቹም አረጋገጡለት። የድረ ገጹ ቴክኒሻን ሁለት ተኩል ላይ በሰርቪስ መኪና ከሌሎች ጋር መግባቱን ተናገረ። ድረ ገጹ ላይ ማን መቼ ምን እንደነካ የሚያሳየውን መዝገብ ስትጠይቀው ራሱን ወዘወዘ። ዓርብ ዕለት ወደ ገዢው ኩባንያ ተዛውሯል፤ ቢፈጥን በወሩ ይገኛል።

የቀሩት የሟቹ አክስት ናቸው። እናቱ ከሞተች ጀምሮ ያሳደጉት እሳቸው ሲሆኑ፣ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ «አክስቴ» ይላቸዋል። ሥራቸው ለአባላት መልስ መስጠት ነው። ከስክሪን ማንበብ ስለማይወዱ እያንዳንዱን መልእክት አትመው፣ በሲባጎ እያሰሩ ግድግዳውን ሞልተውታል። ስንት ዓመት ሙሉ ለፈራ ሁሉ «የእርስዎ ገጽ አይሸጥም፤ ቃሌ ነው» እያሉ በስማቸው ፈርመው መልሰዋል። ዛሬ እንደ ሠራተኛው ሁሉ ሁለት ተኩል ላይ መግባታቸውን ለወንፊት ነገሯት። ሠራተኛ በጓሮ ደረጃ በቁልፉ ስለሚገባ ዘበኛው አይመዘግበውም።

ወንፊት ልትነሳ ስትል እጇን ያዙ።

«ያንቺንም አንብቤዋለሁ ልጄ» አሉ ዝግ ብለው። «ለማንም አልናገርም። አይዞሽ።»

ቢያስፈራሯት ይቀላት ነበር። አመስግናቸው ወጣች፤ በማመስገኗም አፈረች። መልእክቷን የምታጠፋበት መላ ብታገኝ ብላ ቴክኒሻኑን የመሥራቹ ገጽ ለምን መልእክት እንደማያስጠፋ ጠየቀችው።

«ተቆልፎ ነዋ። በክብር ተቆልፏል» አላት።

«ባለቤቱ ራሱ ይቆልፈዋል?»

«ኧረ የለም፤ የሞተ ሰው ገጽ ብቻ ነው የሚቆለፈው።»

ታሪኩንም ነገራት። ከዓመታት በፊት ባሏ በሞተ በሦስተኛው ቀን ለአንዲት ሴት «ባለቤትዎን ለአምስተኛ የሥራ ዓመቱ እንኳን ደስ አለህ ይበሉት» የሚል መልእክት ከድረ ገጹ ደረሳት። ሴትዮዋ ስልኳን ይዛ መጥታ በአክስቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። አክስቱ ያን ቀን ውኃ እንኳ አልቀመሱም። ከዚያ ወዲህ ሞት በተሰማ በአንድ ሰዓት ውስጥ ገጹ እንዲቆለፍ፣ ቆላፊውም ሞቱን ማን እንዳሳወቀ እንዲሞላ ደንብ አወጡ። መቆለፍ የሚችሉት እሳቸው፣ ታናሽ ወንድሙና ቴክኒሻኑ ብቻ ናቸው። የመሥራቹን ገጽ ሬሳው ከተገኘ በኋላ ከሁለቱ አንዱ የቆለፈው መስሎት ቴክኒሻኑ አልጠየቀም።

ወንፊት ወደ ደረጃው ወጥታ ስልኳን ከፈተች። ገጹ እምቢ ያለበት የጠዋቱ ማስታወቂያ አለ፤ ሰዓቱም አለ። ከላዩ ደግሞ የራሷ መልእክት ተለጥፏል። አንዱን ሳያሳዩ ሌላውን ማሳየት አይቻልም። ሁለቱንም በአንድ ጣት ከስልኳ ማጥፋት ግን ይቻላል። የሃያ ሁለት ዓመት ሥራዋን አሰበች፣ አለቃዋን አሰበች፤ ጣቷም ስልኩ ላይ ጥቂት ቆየ። ከዚያ የመምህሩ ክር አልባ ጫማ ትዝ አላትና ስልኩን ኪሷ ከታ አለቃዋን ጠራችው።

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉም በስብሰባው ክፍል ተቀመጡ፦ አለቃዋ፣ ታናሽ ወንድሙ፣ ቴክኒሻኑ፣ ዘበኛውና አክስቱ። ወንፊት ቆመች።

«በመጀመሪያ አንድ መልእክት ላንብብ» አለችና ስልኳን አወጣች። «'አለቃዬ እንዳያይ የሸሸግሁትን ገመናዬን ሸጥከው። ትመልሳለህ፤ አለዚያ በገዛ እጄ አሳይሃለሁ።' የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

አለቃዋ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ዛሬ ሁለት ሰዓት ከአምስት ላይ ይህን ላጠፋ ሞከርኩ። 'ይህ ገጽ በክብር ተቆልፏል፤ መላክም መሰረዝም አይቻልም' አለኝ። ሰዓቱ ይኸውና። በክብር የሚቆለፈው የሞተ ሰው ገጽ ብቻ ነው። መምህሩ የገባው ሁለት ሰዓት ከሃያ፣ ሬሳው የተገኘው ሦስት ሰዓት። ስለዚህ መምህሩ በሩን ሲያንኳኳ ሰውየው ሞቷል፤ መሞቱን የሚያውቅም ሰው በዚህ ቤት ነበር።»

ታናሽ ወንድሙ ከወንበሩ ተነሥቶ መልሶ ተቀመጠ።

ወንፊት ቀጠለች። ገጽ መቆለፍ የሚችሉት ሦስት ሰዎች ናቸው። ቴክኒሻኑ በዚያ ሰዓት ሰርቪስ ውስጥ፣ ታናሽ ወንድሙ ከሁለት ጠበቆች ጋር ነበሩ። ከገጹ ግርጌ ደግሞ «ሞቱን ያሳወቀው፦ የሥጋ ዘመድ» ተብሎ ተሞልቷል።

«ተንኮለኛ ቢሆን ይህን አይሞላም ነበር» አለች። «እንዲያውም ገጹን አይነካም። የቆለፈው ሰው ደንቡን የሚያከብር ሰው ነው። ቴክኒሻን፣ ገጹ ባይቆለፍ ኖሮ ዛሬ ሁለት ሰዓት ላይ ድረ ገጹ ለአባላቱ ምን ሊልክ ነበር?»

ቴክኒሻኑ መለሰ፦ «አሥረኛ ዓመታችን ነው። 'መሥራቹን እንኳን ደስ አለህ በሉት' የሚል።»

«ለሞተ ሰው። ይህን ማየት የማይችል አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው» አለች ወንፊት። «እናቴ፣ ፓፉ የት ነው?»

አክስቱ አልካዱም። ከወንበራቸው ሥር አንድ የወረቀት እስር አውጥተው ሲባጎውን ፈቱ። ሰማያዊዋ ፓፍ ከመካከሉ ወጣች።

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የሰዉን መልእክት ታቅፈው ገብተው ነበር። ጠረጴዛው ላይ አራግፈው ለእነዚህ ሰዎች ምን ልበላቸው ብለው ጠየቁት። እሱም ሳቀ። ቃሉን የሰጠሽው አንቺ ነሽ፤ ፊርማው ያንቺ ነው አላቸው። ወረቀቱን በቁጣ ጠራርገው አቅፈው ሲወጡ ሳል ጀመረው።

«ልጅ ሳለ ልቆጣው ስል ይስል ነበር» አሉ። «ያው ሳሉ ነው ብዬ ሄድኩ። ክፍሌ ገብቼ ወረቀቱን ስዘረጋ ፓፉ አብሮ መጥቷል። ያኔ መሮጥ ነበረብኝ። ተቀመጥኩ። ትንሽ ይሳል አልኩ። እነዚያ ሁሉ ሰዎች አፍረው የለ፣ እሱም ትንሽ ይሳል አልኩ።»

«ምን ያህል ተቀመጡ?»

«መልሼ ስሄድ ሳሉ አቁሟል።»

ታናሽ ወንድሙ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። አክስቱ ሊያቅፉት እጃቸውን ዘርግተው መለሱት። መምህሩ መታሰሩን እንደሰሙ፣ ልናገር እያሉ አፋቸው እንደተያዘ ገለጹ። ወንፊትን ያጽናኗትም ከልብ ነበር፤ እፍረት ምን እንደሚያደርግ ስለሚያውቁ። ከዚያ ማንም ሳይጠራቸው ተነሡ።

አለቃዋ በሩ ላይ ጠበቃት። «ነገ ቢሮዬ ነይ» አላት።

ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ መምህሩ ተፈታ። ክሩን በጫማው እየሰካ ሳለ ወንፊት ሁሉንም ነገረችው፤ መልእክቷንም አሳየችው። አነበበና ስልኩን መለሰላት።

«የእኔ ይሻላል» አለ ሳይስቅ። «እኔ ቢያንስ ፈርሜበታለሁ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ትምህርት ቤቱ ከሥራ አግዶኛል፤ ስልኬን ስትመልሱልኝ አየሁት። ተማሪዎቼ ፊት ነው የወሰዳችሁኝ።»

«ነገ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄጄ እናገራለሁ። ክፍሉም ውስጥ ገብቼ።»

መምህሩ ሁለተኛውን ክር ሰክቶ ጨረሰ። ከዚያ ወደ ኮሪደሩ ተመለከተ።

«መጀመሪያ ለልጄ ንገሪያት» አላት።

ልጅቷ አሁንም አግዳሚ ወንበሩ ላይ ነበረች። ወንፊት ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ጠዋት የጠየቅሽኝን አልመለስኩልሽም» አለች። «አባትሽ ምንም አላደረገም። ያለ ጥፋቱ ያሰርኩት እኔ ነኝ።»