የበረንዳው ንፍሮ

አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ የማምን ሴት አልነበርኩም። በእግዚአብሔር አምናለሁ፣ በመላእክቱና በቅዱሳኑ አምናለሁ፣ ሰይጣንም እንዳለ አውቃለሁ፣ ነገር ግን እከሌ ቤት በሩ ራሱን ከፈተ፣ እከሊትን ጥላ ተከተላት ለሚባለው ነገር ጆሮዬን አልሰጥም ነበር። ዴንቨር ውስጥ ፒዮሪያ ስትሪት አጠገብ ባለው አፓርታማችን ሴቶቹ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ተሰብስበው እንዲህ ያለውን ሲያወሩ፣ ልብሴን ከነእርጥቡ አውጥቼ የምሄደው እኔ ነበርኩ፣ አብራኝ የምትኖረው ጽጌም "አስካለ እኮ ከጳጳሱ ትብሳለች" እያለች ትስቅብኝ ነበር። ይህን የምነግራችሁ የምተርከው ነገር በሌላ ሰው ሳይሆን በእኔው ላይ፣ በጠራራ ቀን፣ በሙሉ ጤንነቴ የደረሰ ስለሆነ ነው።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነው፣ ፓርክ ሂል በሚባል ሰፈር ባለ ትልቅ የጡብ ቤት አንዲት አሮጊት እንከባከብ ነበር። ሚስስ ዶሪስ ይባላሉ፣ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነበር። እሳቸው "ዶሪስ በይኝ" ቢሉኝም የእናቴን ታላቅ በባዶ ስሟ መጥራት አፌ እምቢ ስላለኝ "እማማ ዶሪስ" እላቸዋለሁ፣ እሳቸው ደግሞ ቤት ለሚመጣ እንግዳ ሁሉ "አስካ ማዕረግ ሰጥታኛለች" እያሉ ይኮሩበት ነበር። በዚያ ዓመት ጸደይ ላይ ባላቸው ሞቱ፣ ከዚያ ወዲህ እህል የሚባል ነገር አስጠላቸው። አንድ ማንኪያ ሾርባ ለማጉረስ ግማሽ ሰዓት እለምናለሁ፣ ከንፈራቸውን ገጥመው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ዶክተሩ ለብቸኛ ልጃቸው ለሊንዳ፣ ክብደታቸው ከዚህ ከወረደ ሰውነታቸው አይመለስም ብሎ በግልጽ ነገራት።

ሊንዳ ወጥ ቤት ድረስ መጥታ ነገረችኝ። "አስካ፣ አባቴ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ የሚከራየው ቪላ አለ፣ ካሊፎርኒያ ባሕሩ ዳር። እናቴ የምትወደው ቦታ እሱ ነው። እዚያ ካልበላች የትም አትበላም። አብረሽን ነይ፣ እባክሽ፣ ካንቺ ሌላ ማንም እንዲያጎርሳት አትፈቅድም።"

ነሐሴ ማለት ለእኛ ፍልሰታ ነው፣ እኔ ደግሞ ፍልሰታን ከቅዳሴ ርቄ አላውቅም። ጨንቆኝ የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው። "ልጄ" አሉኝ፣ "የታመመች አሮጊት ጥለሽ ቅዳሴ ብትቆሚ እመቤታችን ደስ ይላታል? ሂጂ። ብቻ እኛ እህል በምንቀምስበት ሰዓት ቅመሺ፣ በጾሙ እንኳ አንድ ላይ እንሁን።" እኔም ቃላቸውን እንደ ወትሮዬ አጥብቄ ያዝኩት፣ የካሊፎርኒያ ሰዓት ከዴንቨር በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ፣ የእጅ ሰዓቴን ሳልነካ የዴንቨሩ ላይ ተውኩት። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፣ ለሊንዳም ቢሆን። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ የነገሩ ሁሉ ጭንቅ እዚህ ላይ ነው።

ስለ ቪላው ምን ልበላችሁ፣ እንዲያው ነጭ ሕልም በሉት። ወለሉ እምነ በረድ፣ ወደ ባሕሩ የሚያየው ግድግዳ በሙሉ መስታወት፣ መጋረጃው ስስ ሆኖ ነፋስ ሲገባ የሚተነፍስ፣ መታጠቢያ ቤቱ ብቻውን መጀመሪያ አሜሪካ ስመጣ ዴንቨር ካፒቶል ሂል የተከራየሁትን ባለ አንድ ክፍል ስቱዲዮ ከነዕቃው የሚውጥ ነበር። የመስታወቱ በር ሲከፈት ሰፊ የእንጨት በረንዳ አለ፣ ከበረንዳው ወደ አሸዋው የሚወርድ ደረጃ አለ፣ ከዚያ ወዲያ ባሕር ነው። ባሕሩ የሚጮህ መስሎኝ ነበር፣ እሱ ግን የተኛ ሰው እንደሚተነፍስ ገባ ወጣ፣ ገባ ወጣ ይላል። ከቀትር በኋላ ደግሞ ጭጋግ ይመጣል፣ ዝም ብሎ በእግሩ እንደሚመጣ ሰው ደረጃውን ይወጣና በረንዳው ላይ ይቀመጣል፣ ያን ጊዜ ቤቱም ባሕሩም እኛም አንድ ነጭ ነገር ውስጥ የተንሳፈፍን ይመስለኝ ነበር።

ቤቱ ውስጥ ያለነው ሦስታችን ብቻ ነን። የምታጸዳ ሴት ጠዋት መጥታ ከረፋዱ በፊት ትሄዳለች፣ ሊንዳም ምሳዋን በልታ የድሮ ጓደኞቿ ጋ ትሄዳለች። በመጀመሪያው ቀን ስለ እኔ ምግብ ተጨንቃ ነበር።

"ዓሣ እኮ ሥጋ አይደለም፣ አስካ።"

"ለእኔ ሥጋ ነው።"

"ሽሪምፕስ?"

"ሊንዳ!"

"እሺ፣ እሺ። ሰላጣ። ሣርሽን ትግጫለሽ።"

በዚያ ቀን እማማ ዶሪስ አንዲት ጉርሻ አልቀመሱም። ሊንዳ ማታ ሶፋው ላይ ጉልበቷን አቅፋ አለቀሰች፣ እኔም ጀርባዋን አሸሁላት።

በሁለተኛው ቀን እማማ ዶሪስን በዊልቸራቸው በረንዳው ላይ አስቀምጬ፣ ብርድ ልብስ አልብሼ፣ እኔ ውስጥ ቆሜ ውዳሴ ማርያሜን እደግም ነበር። መጀመሪያ ያስተዋልኩት ባሕሩ ዝም ማለቱን ነው። እመኑኝ፣ ያ ገባ ወጣ የሚለው ትንፋሽ ቀጥ አለ፣ ልክ ሰው ሲገባ ወሬ እንደሚቋረጥ። ከዚያ በእንጨቱ ላይ የባዶ እግር ኮቴ፣ ለስለስ ያለ፣ የማይቸኩል፣ ቀጥሎም የሸክላ ሳህን መስታወት ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ የሚያሰማው ድምፅ፣ ጠቅ። ሰዓቴን አየሁ፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ዴንቨር ቅዳሴ ወጥቶ እህል የሚቀመስበት። የግድግዳው ሰዓት ግን ገና ስምንት ይል ነበር።

ብወጣ እማማ ዶሪስ ፊት በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ሳህን ተቀምጧል። ገለጥኩት። ንፍሮ ነው፣ ስንዴና ሽምብራ፣ እንፋሎቱ ገና ያልለቀቀው። ሊንዳ ከአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት አስልካ አስደነቀችኝ ብዬ ሳቄ መጣ፣ እጄን ለጸሎት ሳነሳ ግን እማማ ዶሪስ ቀደሙኝ። በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ዘግነው ወደ አፋቸው ወሰዱ፣ አኘኩ፣ ደገሙ። እኔ እንኳን ልበላ መተንፈስም ፈራሁ፣ ያ ጉርሻ እንዳይቋረጥብኝ። ሳህኑን ጠርገው በሉት፣ አንድ ፍሬ አላስተረፉም፣ እኔም ያን ቀን ዳቦዬን በሻይ በልቼ አምላኬን ሳመሰግን ዋልኩ።

ሊንዳ ስትመለስ ሮጬ ነገርኳት። አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፣ "ምንድን ነው የሠራሽላት?" አለችኝ።

"እኔ? አንቺ አይደለሽም ያስመጣሽው?"

"ቀልደኛ!" ብላ ሳቀች፣ እንደ ትሕትና ቆጠረችብኝ። ሳህኑ ግን ከቤቱ ሳህኖች ጋር አይመሳሰልም ነበር፣ አጥቤ ለይቼ አስቀመጥኩት፣ በማግስቱ ፈልጌ አጣሁት።

ለጽጌ ደወልኩላት።

"ንፍሮ?" አለች።

"ንፍሮ።"

"ጨው አለው?"

"አልቀመስኩትም።"

"ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ! እኔ እዚህ የሆቴል አንሶላ ሳጥፍ ወገቤ ይቆረጣል፣ አንቺ ባሕር ዳር ጋደም ብለሽ ንፍሮ ይቀርብልሻል፣ አሁን ደግሞ ስሞታ!"

"ጽጌ፣ አትቀልጂ። ማን እንዳመጣው አይታወቅም።"

"ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም።"

"እንግዲያው ማን ሊሞት ነው?"

በቀልድ ነው ያለችው፣ በኋላ እየማለች ነግራኛለች፣ ለእኔ ግን ያ ቃል ደረቴ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ንፍሮ እኮ ሱባኤ የያዘ ሰው ይበላዋል፣ እኔም ያሰብኩት ይህንኑ ነበር፣ ነገር ግን ለቅሶ ቤትስ የሚቀርበው ምንድን ነው? ሬሳ ሸኝቶ የተመለሰ ሰው የሚዘግነው ምንድን ነው? ያን ሌሊት መዝሙረ ዳዊቴን ደረቴ ላይ አድርጌ አደርኩ።

በሦስተኛው ቀን ሳህኑን የሚያመጣውን ልይዝ ቆርጬ ተነሣሁ። የመስታወቱን በር ከፍቼ ወንበር አስጠግቼ ተቀመጥኩ፣ ዓይኔን ከጠረጴዛው አላነሣሁም። ጭጋጉ መጣ፣ ባሕሩ ዝም አለ፣ ኮቴው ተሰማ፣ እንግዲህ ስሙኝ፣ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ መጋረጃው ነፋስ ይዞት ፊቴን ሸፈነው፣ በእጄ ብገፋው ሳህኑ ተቀምጧል። በደረጃው ታች ነጭ ነገር ሲወርድ አየሁ፣ የነጠላ ጥለት የመሰለ ነገርም ያየሁ መሰለኝ፣ ጭጋግም ሊሆን ይችላል፣ አልምልበትም።

እማማ ዶሪስ እየበሉ ነበር። ጉንጫቸው ቀላ ብሎ፣ ዓይናቸው ከስንት ወር በኋላ ሰው እያየ።

"ጥሩ ሴት ናት" አሉኝ።

"ማን፣ እማማ?"

"የምታመጣልኝ። እግሯን ሳይበርዳት አይቀርም፣ ጫማ የላትም። አንቺን አውቃታለሁ አለችኝ።"

እኔን! ሊንዳ ማታ እናቷን መዝና አንድ ኪሎ ጨመረች ብላ ስትጨፍር፣ እኔ ፈገግ ብዬ የጽጌን ቃል አስብ ነበር። አስቡልኝ እስቲ፣ የሞት ምግብ ቢሆን እኔው እጄን አጣጥፌ እያስበላኋቸው ነው፣ የእግዚአብሔር ምግብ ቢሆን ደግሞ ማን ነኝና እከለክላለሁ? ጠላት የብርሃን መልአክ መስሎ እንደሚመጣ ከልጅነቴ ተምሬያለሁ። ጠንቃቃ ሴት ነኝ፣ በጥንቃቄዬ ነው እንግዲህ የሆነው ሁሉ የሆነው።

በአራተኛው ቀን ከቤተ ክርስቲያን የያዝኩትን ጠበል በትንሿ ጠርሙስ ይዤ በረንዳው ላይ ከእማማ ዶሪስ ጎን ቆምኩ። ጭጋጉ ያን ቀን ከበደ፣ እጄን ብዘረጋ ጣቶቼ አይታዩኝም። ሰዓቴ ዘጠኝ ሲል ጠቅ የሚለው ድምፅ ከአጠገቤ፣ ከክንዴ ሥር ተሰማ። ጭጋጉ ሳሳ ሲል ሳህኑን አየሁት፣ በስመ አብ ብዬ ጠበሉን ረጨሁት። ቢጨስ፣ ቢጠቁር፣ ቢሸት ምንኛ ደስ ባለኝ! ምንም አልሆነም። ንፍሮው ጠበሉን ጠጥቶ ይበልጥ አብረቀረቀ እንጂ ምንም አልሆነም። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። እኔ ግን ሳህኑን አንሥቼ፣ እማማ ዶሪስ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው እየጠበቁ፣ በበረንዳው አጥር አሻግሬ ንፍሮውን ከታች ያለው ድንጋይ ላይ ደፋሁት።

ከሰው እጅ ዳቦ የሚነጥቁ እነዚያ የባሕር ወፎች ወረዱ። በንፍሮው ዙሪያ ክብ ሠርተው ቆሙ፣ አንዲት ፍሬ አልነኩም፣ ድምፅም አላሰሙም፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው እኔን ያዩኝ ነበር።

"ምን አደረግሽ?" አሉ እማማ ዶሪስ።

"ጥሩ ምግብ አልነበረም፣ እማማ። ሌላ እሠራልዎታለሁ።"

"የእኔ ነበር እኮ" አሉኝ፣ ሳይቆጡ፣ እንደ ሕፃን። ከዚያ ወደ ደረጃው አዩና "ሄደች" አሉ።

በአምስተኛው ቀን ባሕሩ ዝም አላለም። ሰዓቴ ዘጠኝ አለ፣ ዘጠኝ ተኩልም አለ፣ ጠረጴዛው ባዶውን ነበር። እማማ ዶሪስ ከንፈራቸውን ገጠሙ። ስንዴና ሽምብራ ከተማ ወርጄ ገዝቼ በገዛ እጄ ቀቅዬ ብሰጣቸው አንዱን ፍሬ በምላሳቸው ገፍተው አወጡት፣ "ይሄ ያንቺ ነው" አሉኝ። ለምኜ፣ አልቅሼ፣ ጉልበታቸው ላይ ወድቄ ነበር፣ ፀጉሬን ዳበሱኝ እንጂ አልበሉም። ወደ ዴንቨር ተመለስን፣ ሆስፒታል ገቡ፣ መስከረም ሳይጋመስ ዐረፉ።

ሊንዳ በቀብሩ ቀን እጄን ይዛ ሰው ሁሉ ፊት "እናቴ የመጨረሻ ደስታዋን የበላችው ከዚህች ሴት እጅ ነው" አለች። አይደለም አልኩ? አላልኩም። አንገቴን ደፍቼ ምስጋናውን ተቀበልኩ፣ እሱም ሌላ ዕዳ ሆነብኝ።

በዚያው ሳምንት ንስሐ ገባሁ። አባ መስቀላቸውን እንደያዙ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ፣ ከመጀመሪያዋ ሳህን እስከ ወፎቹ፣ ምንም አልዘለልኩም። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

"አንቺ ከእሱ ቀምሰሻል?"

"አልቀመስኩም፣ አባ።"

ቀና ብለው አዩኝ። የሆነ ነገር በፊታቸው ላይ አለፈ፣ ልክ ሰው ሊናገር ከንፈሩን ከፍቶ እንደሚተወው፣ ከዚያ "እግዚአብሔር ይፍታሽ" ብለው መስቀሉን አሳለሙኝ። ወጥቼ ፓርኪንጉ መሀል ስደርስ ነው ያሰብኩት፣ እንኳን አልቀመስሽ ሊሉኝ ነበር ወይስ ምነው በቀመስሽ? ተመልሼ በሩ ድረስ ሄድኩ፣ እጄን እጀታው ላይ አድርጌ ቆምኩ፣ ውስጥ ሲጸልዩ ይሰማኛል። ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ አያቸዋለሁ፣ መስቀላቸውን እሳለማለሁ፣ እስከ ዛሬ ግን አልጠየቅኳቸውም።